ይቅርታን ማዘዝ አይቻልም፤ መንገዱን መጥረግ ግን ይቻላል

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ላይ ላዩን ሲታይ ቂምን ለማቆየት የተነገረ ይመስላል። መሠረታዊ መልእክቱ ግን ሌላ ነው። በደል ለፈጸመው ሰው ያለፈ ነገር፣ በደሉ ለደረሰበት ሰው ገና ያላለፈ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ያስገነዝባል። በእርሻ ድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞች፣ በውርስ የተለያዩ ወንድማማቾች፣ ልጇን በግጭት ያጣች እናትና የገዳዩ ቤተሰብ በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ሲገናኙ የሚፈተኑት በዚሁ እውነት ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ በኢትዮጵያ የግለሰቦች ብቻ ሳይሆን የአገር አጀንዳ ሆኗል። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ለሁለት ዓመታት የተካሄደውን ጦርነት ለማስቆም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት፣ ተጠያቂነትን፣ እውነትን ማወቅን፣ ለተጎጂዎች መካስንና እርቅን ዓላማው ያደረገ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲዘጋጅ የሚደነግግ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በባለሙያዎች ሲዘጋጅና በሕዝብ ውይይቶች ሲዳብር የቆየውን የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ማጽደቁ ይታወሳል። ፖሊሲው የወንጀል ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ እርቅን፣ ቅድመ ሁኔታ ያለው ምህረትን፣ ማካካሻንና የተቋማት ማሻሻያን አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ ባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶችም በሂደቱ የራሳቸው ድርሻ እንዲኖራቸው ያደርጋል።

ይሁንና ፖሊሲው በጸደቀ ማግስትም ቢሆን አንድ ጥያቄ ክፍት ሆኖ ይቆያል። መንግሥት፣ ሃይማኖት ወይም ሽማግሌ አንድን ሰው «የደረሰብህን በደል ተወው» ብሎ ሊያዘው ይችላልን? ካልቻለስ የእነዚህ ሁሉ አካላት ድርሻ ምንድን ነው? የእኛ ነባር የሽምግልና ባህል፣ የደቡብ አፍሪካና የሩዋንዳ ተሞክሮ፣ እንዲሁም አገራችን በቀይ ሽብር ጉዳይ ያለፈችበት መንገድ ለዚህ ጥያቄ ተቀራራቢ መልስ ይሰጣሉ። ይቅርታ የተበዳዩ ነው፤ ሌላው ወገን ሊያደርግ የሚችለው ወደ ይቅርታ የሚወስደውን መንገድ መጥረግ ነው።

አንድ ቃል፣ ሁለት ባለቤት

በዚህ ጉዳይ ላይ ለሚፈጠረው ብዥታ አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። «ይቅርታ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይገልጻል። በሕግ አነጋገር ይቅርታ ማለት በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት ሰው ቅጣቱ በሙሉ ወይም በከፊል እንዲቀርለት መንግሥት የሚሰጠው ውሳኔ ነው። አፈጻጸሙም በአዋጅ ቁጥር 840/2006 ተደንግጓል። «ምህረት» ደግሞ በተወሰኑ ወንጀሎች ለተጠረጠሩ፣ ለተከሰሱ ወይም ለተፈረደባቸው ሰዎች በሕግ የሚሰጥ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ አፈጻጸሙን ይወስናል።

ከነዚህ ሁሉ የሚለየው ሌላው ይቅርታ በተበዳዩ ልብ ውስጥ የሚፈጸመው ነው። ይህኛው ይቅርታ ቁጥር፣ ማኅተምም ሆነ የሚጸናበት ቀን የለውም። አንድ ታራሚ በመንግሥት ይቅርታ ከማረሚያ ቤት ሊወጣ ይችላል። ይህ ማለት ግን በእርሱ ድርጊት አባቱን ያጣው ልጅ ይቅር ብሎታል ማለት አይደለም። በተቃራኒው ልጁ ይቅር ብሎት እያለ ታራሚው ቅጣቱን እስከ መጨረሻው ሊፈጽም ይችላል። ሁለቱን ማምታታት መንግሥት የእርሱ ያልሆነውን እንዲሰጥ፣ ተበዳዩም ያልሰጠውን እንደ ሰጠ እንዲቆጠርበት ያደርጋል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ይህን ልዩነት በከባድ ወንጀሎች ረገድ በግልጽ አስቀምጦታል። በአንቀጽ 28 መሠረት የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ የሚፈጸም ግድያ፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርና ኢሰብአዊ ድብደባን የመሳሰሉ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም። በሕግ አውጪው ምክር ቤትም ሆነ በማንኛውም የመንግሥት አካል ውሳኔ በምህረት ወይም በይቅርታ አይታለፉም። በእነዚህ ወንጀሎች የሞት ቅጣት የተፈረደባቸው ሰዎች ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለወጥ የሚችለው በርዕሰ ብሔሩ ነው። ሕገ መንግሥቱ በዚህ ድንጋጌ ለመንግሥት የይቅርታ ሥልጣን ወሰን አበጅቷል። የተጎጂውን ልብ በሚመለከት ግን አላዘዘም፤ ሊያዝም አይችልም።

«ይቅር» የሚለው ቃል ራሱ «ቀረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ታዲያ የሚቀረው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚቀረው በቀሉ፣ ቂሙና ደም መመላለሱ ነው። የተፈጸመው ድርጊት እውነትነት ግን አይቀርም። እውነቱም አብሮ እንዲቀር የሚጠየቅበት ይቅርታ ተበዳዩን ለሁለተኛ ጊዜ መበደል ይሆናል።

ሽምግልና ከእውነት ይጀምራል

ይህን ቁም ነገር አባቶችና እናቶች ሕግ ሳይማሩ ያውቁት ነበር። በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የሚገኙ የእርቅ ሥርዓቶች በስማቸውና በአፈጻጸማቸው ቢለያዩም፣ በቅደም ተከተላቸው ይመሳሰላሉ። በሲዳማ የሚታወቀው «አፊኒ» ስያሜው «ሰምታችኋል ወይ» ከሚል ጥያቄ የመጣ ነው። ነገሩ ከሁሉም ወገን ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም፤ «ሀላሌ» የተባለው እውነትም የዳኝነቱ መሠረት ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ በግድያ ምክንያት የተጋጩ ወገኖች የሚታረቁበት የ«ጉማ» ሥርዓት የገዳዩ ወገን ጥፋቱን ሳያምንና ካሳ ሳይከፍል አይፈጸምም። ሴቶች «ሲንቄ» የተባለችውን በትር ይዘው በተፋላሚዎች መካከል ሲቆሙም ጠቡ እንዲበርድ ይደረጋል። በጉራጌ የጆካ ሸንጎ፣ በወሎ አበጋሮች፣ በሌሎች የአማራ አካባቢዎችም የደም እርቅ ሽማግሌዎች ተመሳሳይ ኃላፊነት ሲወጡ ኖረዋል።

በእነዚህ ሥርዓቶች ቅደም ተከተሉ የሚጀምረው ጠቡ እንዳይሰፋ በዳይና ተበዳይን በመለየት ነው። ቀጥሎ ነገሩ ይጠራል፤ ማን ምን እንዳደረገ በአደባባይ ይነገራል። በዳዩ ጥፋቱን ያምናል፤ በብዙ አካባቢዎችም ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት በማጎንበስ ይለምናል። ካሳ ይቆረጣል። ይቅር የመባባያው ጊዜ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በመጨረሻም አብሮ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሽማግሌዎችም ይመርቃሉ። በክርስትና እምነት ተከታዮች ዘንድ ከጾም በፊት ይቅር መባባል፣ በሙስሊሞች ዘንድ «አፉ በሉኝ» መባባል የተለመደ መሆኑም ይቅርታ የመጠየቁ ሸክም በመጀመሪያ የሚያርፈው በበዳዩ ላይ መሆኑን ያሳያል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሽማግሌው ራሱ ይቅር የማይል መሆኑ ነው። ሽማግሌ ይለምናል፣ ይገሥጻል፣ ደጅ ይጠናል፤ አንድ ጊዜ «አይሆንም» ተብሎ ቢመለስ ሌላ ጊዜ ተመልሶ ይሄዳል። ተበዳዩ እምቢ የማለት መብት ስላለው ነው እሺ ሲል እሺታው ዋጋ የሚኖረው።

ባህላዊው ሥርዓት እንከን የለበትም ማለት ግን አይደለም። በእርቅ ስም የደካማው ወገን መብት የተረገጠባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት አይደሉም። ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ የሚሆነው የሴቶች ጠለፋ ነው። ቀደም ሲል ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ጉዳዩ በሽማግሌ አልቋል ይባል ነበር። «ይቅር» የሚሉት አባቶችና ወንድሞች ሲሆኑ፣ የተበደለችው ልጅ ግን አትጠየቅም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድን በመደንገጉ ይህ አሠራር የሕግ ድጋፍ አጥቷል። በተበዳይ ስም ሌላ ሰው ይቅር ሊል እንደማይችል ሕጉ ያረጋገጠበት ድንጋጌ ነው ለማለት ይቻላል።

የደቡብ አፍሪካ ልምድ

ይህንኑ ጥያቄ በአገር ደረጃ ከተጋፈጡት መካከል ደቡብ አፍሪካ በቀዳሚነት ትጠቀሳለች። የአፓርታይድ ሥርዓት ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ሕግ የእውነትና እርቅ ኮሚሽን ተቋቋመ። በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ሰብሳቢነት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1996 ምስክርነት መስማት የጀመረው ይህ ኮሚሽን ከ21 ሺህ በላይ የተጎጂዎችን ቃል ተቀብሏል። ተጎጂዎች በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሕዝብ እየሰማቸው የደረሰባቸውን ተናገሩ። ለዓመታት ሲካዱ የነበሩ ግድያዎችና ስቃዮች በአደባባይ ታወቁ።

ኮሚሽኑ ምህረት የመስጠት ሥልጣን ነበረው። ምህረቱ ግን በነጻ የሚታደል አልነበረም። አመልካቹ ድርጊቱን በፖለቲካ ዓላማ መፈጸሙን ማስረዳትና የሚያውቀውን እውነት ሙሉ በሙሉ መናገር ነበረበት። ከ7 ሺህ በላይ ማመልከቻዎች ቀርበው አብዛኞቹ ውድቅ የተደረጉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሂደት የሚጠቀሱ ሁለት ታሪኮች በተለይ ትምህርት ሰጪ ናቸው። የመጀመሪያው የአሜሪካዊቷ ተማሪ የኤሚ ቢል ነው። ኤሚ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993 ኬፕ ታውን አጠገብ በምትገኘው ጉጉሌቱ በወጣቶች ተገደለች። በግድያው የተፈረደባቸው አራት ወጣቶች ምህረት ሲጠይቁ ወላጆቿ አልተቃወሙም። ወጣቶቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ተለቀቁ፤ ከመካከላቸው ሁለቱም በኋላ ወላጆቿ በስሟ ባቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ተቀጥረው ሠርተዋል።

ሁለተኛው የስቲቭ ቢኮ ጉዳይ ነው። የጥቁሮች ንቃተ ኅሊና ንቅናቄ መሪ የነበረው ቢኮ እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 1977 በፖሊስ እጅ እያለ ሕይወቱ አልፏል። ቤተሰቡ ምህረት የመስጠቱን ሕግ በመቃወም ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ቢያቀርብም ተቀባይነት አላገኘም። ኮሚሽኑ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የፖሊሶቹን የምህረት ጥያቄ እውነቱን አልተናገሩም በማለት ውድቅ አደረገ። ከዚያ በኋላም አንድም ሰው ለፍርድ ሳይቀርብ ዓመታት አልፈው፣ የአሟሟቱ ምርመራ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ነው።

የቢል ቤተሰብ ደግ፣ የቢኮ ቤተሰብ ደግሞ ቂመኛ ነበር ብሎ መደምደም ስህተት ነው። የመጀመሪያው ቤተሰብ ማን፣ የትና እንዴት እንደ ገደለ በፍርድ ቤት ተረጋግጦለታል፤ ገዳዮቹም ጥፋታቸውን በፊቱ አምነዋል። ሁለተኛው ቤተሰብ ይህን አላገኘም። ይቅርታ ለመስጠት እንኳ ይቅርታ የሚደረግለት ሰው «አዎ፣ እኔ ነኝ» ማለት አለበት።

የደቡብ አፍሪካ ሂደት ጉድለትም ነበረበት። ኮሚሽኑ ለተጎጂዎች ለስድስት ዓመታት በየዓመቱ የሚከፈል ካሳ እንዲሰጥ ሐሳብ ያቀረበ ቢሆንም፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 የወሰነው በአንድ ጊዜ የሚከፈል 30 ሺህ ራንድ ነበር። ምህረት ያላገኙ ሰዎችን የሚመለከቱ ወደ 300 የሚጠጉ ጉዳዮች ለዐቃቤ ሕግ ቢተላለፉም አብዛኞቹ ሳይንቀሳቀሱ ቀርተዋል። በተጎጂ ቤተሰቦች ግፊት ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎዛ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የመጓተቱን ምክንያት የሚመረምር አካል ማቋቋማቸው፣ በይደር የቆየ ፍትሕ ከ20 ዓመት በኋላም ተመልሶ በር እንደሚያንኳኳ ያመለክታል።

ሣር ላይ የተሰየመው ችሎት

ሩዋንዳ ደግሞ የተለየ መንገድ ተከትላለች። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1994 ጀምሮ ለ100 ቀናት ያህል በቱትሲዎች ላይ የተፈጸመው የዘር ማጥፋት ወንጀል ገዳይንና ተጎጂን በአንድ መንደር ትቶ ነበር ያለፈው። በታንዛኒያ አሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ እስከ ተዘጋ ድረስ ክስ የመሠረተው በ93 ሰዎች ላይ ነው። በሩዋንዳ እስር ቤቶች ግን ከ120 ሺህ በላይ ተጠርጣሪዎች ታጉረው ነበር። ጉዳያቸው በመደበኛ ፍርድ ቤት ብቻ ይታይ ቢባል ከመቶ ዓመት በላይ እንደሚፈጅ ይገመት ነበር።

አገሪቱ የነበራት አማራጭ «ጋቻቻ» የተባለውን ባህላዊ ሸንጎ በሕግ አሻሽሎ መጠቀም ነበር። ጋቻቻ ስሙን ያገኘው ሽማግሌዎች ከሚቀመጡበት ሣር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሙከራ ተጀምሮ በ2005 በመላ አገሪቱ የተስፋፋው ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 እስከ ተዘጋ ድረስ ወደ 12 ሺህ በሚጠጉ ችሎቶች ከ1 ነጥብ 9 ሚሊዮን በላይ ጉዳዮችን ተመልክቷል። ዳኞቹም ኅብረተሰቡ በቅንነታቸው የመረጣቸው ነዋሪዎች ነበሩ። ጥፋቱን አምኖ እውነቱን የተናገረና ይቅርታ የጠየቀ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል፤ ከፊሉንም በማኅበረሰብ አገልግሎት ይፈጽማል።

ለብዙ ተጎጂዎች የጋቻቻ ትልቁ ፍሬ የወገኖቻቸው አስከሬን የት እንደ ተጣለ ማወቃቸው ነበር። ገዳዮች ጉድጓዱን ሲያሳዩ ቤተሰቦች አጽም አውጥተው በክብር ለመቅበር ቻሉ። ሐዘን ልኩን የሚያገኘው ሬሳ ሲቀበር መሆኑን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በሌላ በኩል ተከሳሾች ጠበቃ ያልነበራቸው መሆኑ፣ አንዳንድ ምስክሮች ማስፈራራት የደረሰባቸው መሆኑና በአሸናፊው ወገን ተፈጸሙ የተባሉ በደሎች በጋቻቻ ሳይታዩ መቅረታቸው እስካሁን ድረስ የትችት ምንጭ ነው። አንዳንድ ተጎጂዎችም የእምነት ቃሉ ቅጣት ለማስቀነስ እንጂ ከልብ አይደለም ሲሉ ቅሬታቸውን ያሰሙ ነበር። እውነት የተነገረበት መንደር ሁሉ ይቅርታ የተሰጠበት መንደር አልሆነም። ይሁን እንጂ እውነት ሳይነገር ይቅርታ ከሚጠበቅበት መንደር ይልቅ አብሮ ለመኖር የተሻለ ዕድል አግኝቷል።

ከቀይ ሽብር ፍርድ የተገኘ ትምህርት

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከባዶ አትነሣም። በደርግ ዘመን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ከተረሸኑበት ቀን አንሥቶ እስከ ቀይ ሽብር ድረስ ለተፈጸሙ ወንጀሎች ተጠያቂዎችን ለፍርድ ለማቅረብ በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መታየት የጀመረው የከፍተኛ ባለሥልጣናት ክስ 12 ዓመታት ፈጅቶ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሰጠበት። ከወር በኋላ የተወሰነው የዕድሜ ልክ እስራት ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ቅጣት ከፍ ብሏል።

ከዚያ በኋላ የሃይማኖት መሪዎች ለእነዚሁ ፍርደኞች ይቅርታ እንዲደረግ ጥያቄ አቀረቡ። በግንቦት 2003 ዓ.ም. የሞት ቅጣቱ በርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያም ከፍርደኞቹ በርካቶቹ ከእስር ተፈቱ። በዚያን ወቅት የሰማዕታት ቤተሰቦች ስሜት አንድ ዓይነት አልነበረም። «አርጅተዋል፣ ለፈጣሪ እንተወው» ያሉ ነበሩ። «እኔ ሳልጠየቅ በእኔ ስም ማን ይቅር አለ?» በማለት አጥብቀው የተቃወሙም ነበሩ። ሁለቱም ሊሰሙ የሚገባቸው ድምፆች ናቸው።

የሃይማኖት አባቶቹ ልመና ከባህላችን የመነጨና በጎ ነበር። ጉድለቱ ከታየ የታየው በቅደም ተከተሉ ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ተበዳዩ ደጅ ነው። በአንድ ጊዜ የብዙ ሺህ ተበዳዮችን ደጅ ማንኳኳት ደግሞ ሥርዓት፣ ጊዜና ተቋም ይጠይቃል። የፍርድ ቤቱ ሂደት እውነትን በማስረጃ መዝግቦ አቆይቷል፤ ነገር ግን ተጎጂው በምስክርነት እንጂ በይቅርታ ባለቤትነት የቆመበት መድረክ አልነበረም።

በሌላ በኩል በዚሁ ጉዳይ የተሠሩ መልካም ሥራዎች አሉ። ያለ ፍርድ የተረሸኑት ባለሥልጣናት አጽም ከተጣለበት ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አጽምም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በዚያው ተቀብሯል። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም የሟቾችን ፎቶግራፍና አጽም ለትውልድ ያሳያል። ልጇን በቀይ ሽብር ያጣች እናት የልጇን ምስል በዚያ ግድግዳ ላይ ማየቷ ቁስሏን አይሽረውም፤ የደረሰባት ነገር እውነት መሆኑን አገር መመስከሩን ግን ታያለች።

ቂምን ማውረድ ለማን ይጠቅማል?

እስካሁን የተነሣው ሁሉ ተበዳዩ በይቅርታ እንዳይገደድ የሚያሳስብ ነው። ይህ ሲባል ግን ቂም ይሻላል ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ቂም በመጀመሪያ የሚጎዳው የተሸከመውን ነው። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሮበርት ኢንራይት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ በዚህ ላይ ምርምር ሲያካሂዱ ቆይተዋል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው እንደሚያስረዱት ይቅርታ ማለት መርሳት፣ ጥፋቱን ማቃለል ወይም ፍትሕን መተው አይደለም። ከበደለ ሰው ጋር ተመልሶ የመቀራረብ ግዴታም አያስከትልም።

ሌላው የዘርፉ ተመራማሪ ኤቨረት ዎርዚንግተን፣ የገዛ እናታቸው ቤታቸውን ሰብሮ በገባ ሰው የተገደሉባቸው ናቸው። እርሳቸው ያዘጋጁትን ይቅር የማለት ልምምድ መሠረት በማድረግ ደቡብ አፍሪካ፣ ዩክሬን፣ ኮሎምቢያ፣ ኢንዶኔዥያና ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከ4 ሺህ 500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። ሦስት ሰዓት ገደማ የሚወስደውን መልመጃ በየግላቸው የሠሩ ተሳታፊዎች ይቅር የማለት ዝንባሌያቸው እንደ ጨመረ፣ የድብርትና የጭንቀት ምልክቶቻቸውም እንደ ቀነሱ ጥናቱ አመልክቷል።

ከዚህ የምንረዳው ይቅርታ ሁለት ደረጃ እንዳለው ነው። አንደኛው ተበዳዩ ለራሱ ጤናና ሰላም ሲል የበቀል ሐሳብን ከልቡ የሚያወርድበት ነው። ለዚህኛው በዳዩ መገኘትም መናዘዝም ላያስፈልገው ይችላል። ሁለተኛው እርቅ ሲሆን፣ እርቅ የሁለት ወገን ሥራ ነው። ከዚህ አኳያ የሥነ አእምሮና የማኅበራዊ ድጋፍ አገልግሎት የተጎጂዎች የቅንጦት ጥያቄ ሳይሆን የሂደቱ አካል ሆኖ መታየት ይኖርበታል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ችሎት፣ የእውነት ኮሚሽንና የተቋማት ማሻሻያን የሚመራ አካል እንዲኖሩ ያመለክታል። ስኬቱ ግን በተቋማቱ ቁጥር ሳይሆን፣ ባለቤቷን ያጣች ገበሬ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ነጋዴ፣ ጥቃት የደረሰባት ወጣት በየመንደራቸው በሚያገኙት መልስ የሚመዘን ነው።

በመሆኑም ከመንግሥት የሚጠበቀው በመጀመሪያ እውነቱ በየትኛውም ወገን ላይ ቢያርፍ እንዲወጣ ማድረግ ነው። የአንዱን ወገን ቁስል ብቻ የሚቆጥር ሂደት ለሌላው ወገን አዲስ ቂም ያተርፋል። ምስክሮች ያለ ፍርሃት የሚናገሩበት ጥበቃ፣ አጽም የሚፈለግበትና በክብር የሚቀበርበት አሠራር፣ በወረቀት የማይቀር ካሳም ያስፈልጋል። ምህረት ከተሰጠም ለሙሉ እውነት የተከፈለ ዋጋ እንጂ የዝምታ ሽልማት መሆን የለበትም።

ከሃይማኖት አባቶችና ከአገር ሽማግሌዎች የሚጠበቀው ደግሞ ነባሩን ቅደም ተከተል መጠበቅ ነው። «ይቅር በል» ከማለት በፊት «ምን ሆንክ?» ብሎ መስማት፣ የተበዳዩን ቤት ከበዳዩ ቤት ቀድሞ መርገጥ፣ ሴቶችና ወጣቶች በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ቦታ መስጠት ይገባል። ካሳና ኑዛዜ ሳይኖር ለካሜራ ሲባል የሚፈጸም መተቃቀፍ ሥነ ሥርዓቱን ያረክሳል፤ ቂሙንም ወደ ውስጥ ይመልሰዋል።

በዳዮች በበኩላቸው ጊዜ ሁሉን ያስረሳል ብለው መጠበቅ የለባቸውም። ድንጋይ የሚሸከመው በዳዩ ነው፤ ድንጋዩን «አውርድ» የሚለው ደግሞ ተበዳዩ ነው። ይህ ሥርዓት ከአንድ የገጠር መንደር እስከ አገር ድረስ አይለወጥም። ተበዳዩ «አውርድ» ያለ ቀን ደግሞ ከትከሻ የሚወርደው የአንድ ሰው ሸክም ብቻ አይደለም። ልጆቻቸው ሊወርሱት የነበረው ደም በዚያው ቀን ይደርቃል።